ገዳማትና ምስጢረ ክህነት፦ በአንድ ጳጳስ እጅ ያለፉ ዘመናት

በ1520ዎቹ መጀመሪያ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ አፄ ልብነ ድንግል ከተማ የመጡት ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በኢትዮጵያ ባሳለፏቸው ስድስት ዓመታት በስፋት ከመዘገቧቸው ነገሮች አንዱ የክህነት አሰጣጥ ሥርዓት ነው። እንደ እርሳቸው አገላለጽ በአንድ ሜዳ ላይ ነጭ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ከግብፅ የመጡት አቡነ ማርቆስ በበቅሎአቸው ላይ እንደተቀመጡ በዐረብኛ ንግግር አደረጉ፤ ሁለት ሚስት ያለው ሁሉ ለቅስና እንዳይቀርብም አስጠነቀቁ። እጩዎቹ በረድፍ ቆመው ከተዘረጋላቸው መጽሐፍ ጥቂት ቃላት እያነበቡ ሲያልፉ ብቁ ሆነው የተገኙት በክንዳቸው ላይ ምልክት ይደረግላቸው ነበር። በዚያች አንዲት ቀን ቅስና የተቀበሉት ከሁለት ሺህ እንደሚበልጡ አልቫሬዝ ጽፈዋል። ዲቁና በሚሰጥበት ወቅት ደግሞ ገና መናገር የማይችሉ ሕፃናት ጭምር በሰው እቅፍ ሆነው ይቀርቡ እንደነበር ተመልክተዋል።

ለአውሮፓዊው ቄስ ይህ ሁሉ እንግዳ ነበር፤ ቅሬታቸውንም አልሸሸጉም። ነገር ግን የነገሩን ምክንያት ራሳቸው መዝግበውት እናገኛለን። አገሪቱ ከአቡነ ማርቆስ መምጣት በፊት 23 ዓመታት ያህል ያለ ጳጳስ ቆይታ ስለነበር አብያተ ክርስቲያናት አገልጋይ አጥተው እስከ መዘጋት ደርሰዋል። ጳጳሱ በዕድሜ ገፍተዋል፤ ተተኪያቸው መቼ እንደሚመጣም የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ዛሬ ያልተካነ ሕፃን ካደገ በኋላ የሚክነው ላያገኝ ይችላል የሚለው ሥጋት ከባድ ሥጋት ነበር።

የኢትዮጵያ ገዳማት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከቅዱሳኑ ተጋድሎ፣ ከብራና መጻሕፍቱና ከአለት ፍልፍሎቹ አንጻር ነው። ይሁንና ገዳማቱ የቤተ ክርስቲያኗን ምስጢራት በተለይም ምስጢረ ክህነትን በሚመለከት ከነገሥታቱና ከእስክንድርያ መንበር ጋር የነበራቸው ግንኙነት ካልታየ የዚህ ታሪክ ግማሹ ሳይነገር ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እ.ኤ.አ. መሆናቸውን አንባቢያን ልብ እንዲሉ እንጠይቃለን።

ምስጢራቱና ቁጥራቸው

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ሰባት ምስጢራትን ትቆጥራለች። እነዚህም ጥምቀት፣ ሜሮን፣ ቁርባን፣ ንስሐ፣ ቀንዲል፣ ተክሊልና ክህነት ናቸው። የሥርዓቶቹ አፈጻጸም እጅግ ጥንታዊ ሲሆን ሰባት ብሎ መቁጠሩ ግን ዘግየት ብሎ የመጣ ነው። በምዕራቡ ዓለም ቁጥሩ የጸናው ጴጥሮስ ሎምባርድ በተባለው የ12ኛው ክፍለ ዘመን መምህር ሥራ ሲሆን፣ በ1274 በሊዮን በተካሄደው ጉባኤ የእምነት መግለጫ ውስጥም ገብቷል። ወደ ምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የተሻገረው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚህ በፊት የነበሩ አባቶች ቁጥሩን አንዳንዴ ከፍ፣ አንዳንዴ ዝቅ ያደርጉት ነበር።

በዚህ ረገድ ትኩረት የሚስበው በ500 ገደማ በዲዮናስዮስ አርዮስፋጎስ ስም የጻፈው ሰው ዝርዝር ነው። ይህ ጸሐፊ ስድስት ምስጢራትን ይጠቅሳል፤ ከእነርሱም መካከል አንዱ የመነኩሴ ሹመት፣ ሌላው የሙታን ፍትሐት ነው። ምንኩስና በኋላ ከምስጢራቱ ዝርዝር ቢወጣም ሥርዓቱ የምስጢርነት መልኩን አልጣለም። በኢትዮጵያ ገዳማት አንድ ሰው ሲመነኩስ በሕይወት ሳለ የሙታን ጸሎት ይደረስለታል፤ ለዓለም እንደሞተ ይቆጠራልና። ቅናቱ፣ ቆቡና አስኬማው በየደረጃቸው የሚሰጡት በመንፈሳዊ አባት እጅ ሲሆን፣ ተቀባዩም የዚያ አባት የቆብ ልጅ ይባላል።

ይሁንና ምንኩስና ክህነት አይደለም። ይህን ልዩነት መያዝ ለቀሪው ታሪክ ቁልፍ ነው። መነኩሴ ቆብ ስለደፋ ብቻ ማጥመቅም ሆነ መቀደስ አይችልም፤ ለዚህ ሥልጣነ ክህነት ያስፈልገዋል። ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ 2 ቀሳውስትና 3 ዲያቆናት፣ በድምሩ 5 ልዑካን መገኘት አለባቸው። ልዑካኑን የሚክነው ጳጳስ ነው። ታቦት በሜሮን ቀብቶ የሚባርከውም እርሱ ነው። ጳጳስን ራሱን ለመሾም ደግሞ በ325 የተካሄደው የኒቅያ ጉባኤ ቢያንስ ሦስት ጳጳሳት እንዲገኙ ደንግጓል። ስለዚህ በአንድ ገደል ጫፍ ላይ ያለ ገዳም ምንም ያህል ከዓለም ቢርቅ ለቁርባን ሲል በዚህ ሰንሰለት መያያዙ አይቀርም።

ከሹመት የሸሹ አባቶች

ምንኩስና በግብፅ ሲጀመር የካህናት እንቅስቃሴ አልነበረም። በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ በረሃ የወጣው ቅዱስ እንጦንስ ክህነት አልነበረውም። የአንድነት ኑሮን ሥርዓት የሠራው አባ ጳኩሚስም በ320 ገደማ በላይኛው ግብፅ ጠቤንሲ በተባለ ስፍራ ገዳሙን ሲመሠርት መነኮሳቱ ቅስና እንዳይመኙ ይመክራቸው ነበር፤ ሹመት ፉክክርን ያመጣል የሚል ሥጋት ነበረውና። ለቅዳሴ ከአቅራቢያው አጥቢያ ካህን ይጠራ ነበር። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ አትናቴዎስ ወደ ላይኛው ግብፅ በመጣ ጊዜ ጳኩሚስ ቅስና እንዳይሾመው በመነኮሳቱ መካከል እንደተሰወረ የሕይወት ታሪኩ ይተርካል። ከዚህም ያለፈ ትረካ አለ። አሞንዮስ የተባለው መነኩሴ ጳጳስ እንዳያደርጉት ጆሮውን እንደቆረጠ ጰላድዮስ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ አስፍሯል።

አትናቴዎስ ግን ነገሩን በሌላ መልኩ ያየው ነበር። በጊዜው ከአርዮሳውያን ጋር ብርቱ ትግል ውስጥ ስለነበር መነኮሳት በመንበረ ጵጵስና ላይ እንዲቀመጡለት ይፈልጋል። ድራኮንትዮስ የተባለ የገዳም አበምኔት ጵጵስናን ተቀብሎ ሲያበቃ በሸሸ ጊዜ በ354 ገደማ ደብዳቤ ጽፎ ወቅሶታል። ሁሉም እንዲህ ቢሸሽ የሚያጠምቅና የሚያስተምር ከየት ይገኛል የሚል ነበር የወቀሳው መንፈስ። ከዚያ ዘመን በኋላ ነገሩ እየተለወጠ ሄዶ በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ጳጳስ የሚሆነው ከመነኮሳት ወገን ብቻ ሆነ። ከሹመት የሸሹት ሰዎች ልጆች የሹመቱ ብቸኛ ወራሾች ሆኑ ማለት ነው።

በአስቄጥስ በረሃ የነበሩት የአባ መቃርስ ልጆች አኗኗርም እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባል። መነኮሳቱ አምስቱን ቀናት በየበዓታቸው ለብቻቸው ቆይተው ቅዳሜና እሑድ ለጸሎትና ለቁርባን ይሰበሰቡ ነበር። የሁለቱ ቀናት ጉዳይ ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ በኢትዮጵያ ደጋማ ምድር ትልቅ ክርክር የሚያስነሣ ሆኗል።

አንዲት አገር፣ አንድ ጳጳስ

ፍሬምናጦስ ወይም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የአክሱም የመጀመሪያ ጳጳስ ሆኖ የተሾመው በዚሁ በአትናቴዎስ እጅ፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የኢትዮጵያ ጳጳስ ከእስክንድርያ እየተሾመ መምጣቱ ልማድ ሆነ። ቆይቶም ሕግ ተደረገ። ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት መካከል ሊቀ ጳጳሳት እንዳይሾሙ የሚከለክለው አንቀጽ ለኒቅያ ጉባኤ የተሰጠ ቀኖና ሆኖ በዐረብኛ መጻሕፍት ተሠራጭቶ በፍትሐ ነገሥትም ውስጥ ገብቷል። የታሪክ ተመራማሪዎች እንደሚያረጋግጡት ግን አንቀጹ ከጉባኤው ብዙ ዘመን በኋላ የተዘጋጀ ነው። በ325 የተሰበሰቡት አባቶች አክሱም ገና ጳጳስ ሳይኖራት ስለ እርሷ ሊደነግጉ እንደማይችሉ ግልጽ ነው።

ነገሥታቱ ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ ከተለመደው ቁጥር በላይ ጳጳሳት እንዲሾሙለት መጠየቁንና የእስክንድርያው መንበር መከልከሉን የግብፅ ፓትርያርኮች ታሪክ ይናገራል። የእምቢታው ምክንያት ስውር አልነበረም፤ ቁጥራቸው ከበዛ እርስ በርሳቸው ሊቀ ጳጳስ ሾመው ከመንበሩ ሊወጡ ይችላሉ።

የገዳማቱ ሚና የጎላውም በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ከ5ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 6ኛው ክፍለ ዘመን ከመጡት ተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ የመሠረቱት ደብረ ዳሞ እስከ ዛሬ በጠፍር ገመድ የሚወጣበት፣ ለሴቶች የተከለከለ ገዳም መሆኑ የታወቀ ነው። የአባ ጳኩሚስ ሥርዓትና የእንጦንስ ገድልም በአክሱም ዘመን ወደ ግዕዝ ተተርጉመዋል። በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌላት በተደረገላቸው የራዲዮካርቦን ምርመራ ከ330 እስከ 660 ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጁ መሆናቸው የታወቀ ሲሆን ገዳማቱ የመጻሕፍት ቤት ሆነው የቆዩበትን ዘመን ርዝማኔ ይመሰክራል።

ገዳማቱ ራሳቸውን የሚቆጥሩት በቆብ ትውልድ ነው። እንጦንስ፣ መቃርስ፣ ጳኩሚስ፣ አረጋዊ እያለ የሚወርደው ሐረግ እስከ ሐይቅ እስጢፋኖሱ አቡነ ኢየሱስ ሞአና እስከ ደብረ ሊባኖሱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይደርሳል። በአረጋዊና በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባቶች መካከል ያለውን ሰባት መቶ ዓመት የሚሞሉት ስሞች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የሐይቅና የደብረ ሊባኖስ ገድላትም ማን ለማን ቆብ እንደሰጠ አይስማሙም። ይህ ሐረጉን ዋጋ አያሳጣውም። ጳጳሱ ከውጭ የሚመጣ፣ አንዳንዴም ጨርሶ የማይገኝ በሆነበት አገር አንድ ገዳም ሥልጣኑን የሚያስረዳበት የራሱ የውርስ መስመር ያስፈልገው ነበር። ቆብ የሚወርሱት ከኢትዮጵያዊ አባት ነው። ክህነት የሚቀበሉት ከግብፃዊ ጳጳስ ነው። ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን ተጉዘዋል።

አልፎ አልፎም ተባብረዋል። በ1337 ገደማ የመጡት አቡነ ያዕቆብ ከደብረ አስቦው አበምኔት ከአቡነ ፊልጶስ ጋር ሆነው 12 ንቡራነ እድ ሾመው ሸዋን በየአውራጃው አከፋፍለዋቸዋል። ደብረ አስቦ በ1445 ደብረ ሊባኖስ የሚለውን ስም ያገኘው ገዳም ነው። እኒሁ አባቶች በአፄ ዓምደ ጽዮንና በአፄ ሰይፈ አርዕድ ዘመን ነገሥታቱን በጋብቻ ጉዳይ ገሥጸዋል። የክርስቲያን ጋብቻ በአንድ ሚስት የሚጸና ስለሆነ ንጉሥም ቢሆን ከዚህ አይወጣም የሚል ነበር ክርክራቸው። ገድላቱ እንደሚተርኩት መነኮሳቱ ተገረፉ፤ ወደ ሩቅ አውራጃዎችም ተጋዙ። አቡነ ያዕቆብ ወደ ግብፅ ተመለሱ። ግዞቱ ያልታሰበ ውጤትም ነበረው፤ የተሰደዱት መነኮሳት በደረሱበት ሁሉ ማስተማራቸውን አላቆሙም።

ክህነት የተነፈጉት መነኮሳት

የሁለቱ መስመሮች መጋጨት እንደ ኤዎስጣቴዎስ ልጆች ታሪክ ጎልቶ የታየበት አጋጣሚ የለም። በሠራዬ ያስተምሩ የነበሩት አቡነ ኤዎስጣቴዎስ (1273-1352 ገደማ) ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ሆኖ ሊከበር ይገባል ብለው በጽናት ያስተምሩ ነበር። ማስረጃቸውም በሐዋርያት ስም የሚጠሩት የሲኖዶስ መጻሕፍት ናቸው። የእስክንድርያ መንበርና ከእርሱ የሚላኩት ጳጳሳት ግን ነገሩን የአይሁድ ልማድ አድርገው ይቃወሙት ነበር። ኤዎስጣቴዎስ በ1337 ገደማ አገራቸውን ለቀው በግብፅ፣ በኢየሩሳሌምና በቆጵሮስ በኩል አድርገው አርመንያ ደረሱ፤ ያረፉትም በዚያው ነው።

ደቀ መዛሙርታቸው ከአርመንያ ተመልሰው በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ገዳማትን መሠረቱ። ከእነርሱም በአባ አብሳዲ የተመሠረተው ደብረ ማርያምና በአቡነ ፊልጶስ የተመሠረተው ደብረ ቢዘን የታወቁ ናቸው። ሁለቱም ዛሬ በኤርትራ ይገኛሉ። የእነዚህ ገዳማት ሰዎች ግን ከቤተ መንግሥቱና ከጳጳሱ ጋር ኅብረት አልነበራቸውም፤ ለክህነት ማዕረግም አይታጩም። እነርሱም በበኩላቸው ቅዳሜን ከሚሽር ጳጳስ እጅ ክህነት መቀበልን አልፈለጉም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ይገባል። በመቶ የሚቆጠሩ መነኮሳት ያሉበት ማኅበር፣ እርሻና የመጻሕፍት ቤት ያለው፣ ሕዝብ የሚያስተምር ማኅበር፣ አንድ ቄስ ባረፈበት ቁጥር ሌላ የሚተካበት መንገድ የለውም። አንድ ትውልድ ሲያልፍ ቁርባን የሚያቀብል፣ ሕፃናትን የሚያጠምቅ፣ ንስሐ የሚቀበል ሊጠፋ ነው። ማኅበሩ ይህን ሁሉ እያወቀ ለአንድ መቶ ዓመት ያህል አቋሙን አልለወጠም። ለሰንበት ሲሉ ምስጢራቱን ለአደጋ አጋለጡ ብሎ የሚነቅፋቸው ሊኖር ይችላል። በእነርሱ ዘንድ ግን ሰንበትም የእግዚአብሔር ትእዛዝ ነውና ሁለቱን የሚያበላልጡበት ሚዛን አልነበራቸውም።

በ1400 በአፄ ዳዊት ትእዛዝ የኤዎስጣቴዎስ ወገን መሪዎች በአቡነ ፊልጶስ አማካይነት ቀርበው ተከራከሩ። በዚያኛው ወገን ጳጳሱ አቡነ በርተሎሜዎስና የሐይቅ እስጢፋኖሱ አበምኔት ሠረቀ ብርሃን ነበሩ። ፊልጶስና ጓደኞቻቸው አቋማችንን አንለውጥም በማለታቸው ታሰሩ። ሆኖም ንጉሡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈትተዋቸው ሁለቱን ሰንበታት እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። ፈቃዱ ለእነርሱ ብቻ የተሰጠ ስለነበር የክህነቱ ነገር እንደተንጠለጠለ ቀጠለ።

መፍትሔው የተገኘው በ1450 አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በተጉለት ደብረ ምጥማቅ በጠሩት ጉባኤ ነው። ጳጳሳቱ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል የቅዳሜን ሰንበትነት ተቀበሉ፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም ከጳጳሳቱ እጅ ክህነት ለመቀበል ተስማሙ። የጉባኤው ውሳኔ ከተለመደው አቅጣጫ የተለየ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ብዙውን ጊዜ መንበሩ ያዝዛል፣ ገዳሙ ይታዘዛል፤ በደብረ ምጥማቅ ግን ክህነት የሚሰጡት ጳጳሳት ክህነት የተነፈጉትን መነኮሳት ትምህርት ተቀብለዋል። ቅዳሜ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ቀዳሚት ሰንበት ተብላ እስከ ዛሬ መከበሯ የዚህ ጉባኤ ውጤት ነው።

ከጉባኤው በኋላ ብዙ ሳይቆይ፣ በ1458 ገደማ፣ ሁለቱም ጳጳሳት ስላለፉ አልቫሬዝ የጠቀሱት የ23 ዓመት ባዶ ዘመን መጣ። በዚህ ጊዜ ከእስክንድርያ ጳጳስ ማምጣት ይቅር የሚል ሐሳብ በቤተ መንግሥት ውስጥ መነሣቱ ይታወቃል። ሆኖም የካህናት ማነስ እያየለ በመሄዱ በአፄ እስክንድር ዘመን በ1481 አቡነ ይስሐቅና አቡነ ማርቆስ መጡ። አቡነ ማርቆስ በጽሑፋችን መግቢያ ላይ በበቅሎ ላይ ሆነው ያየናቸው አባት ናቸው።

ክህነታችሁ አልጸናም የተባሉበት ጊዜ

ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ዓይነት ፈተና መጣ። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክ እምነትን በ1622 በይፋ ተቀብለው ከሮም የተሾሙት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 ገቡ። ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ አብያተ ክርስቲያናቱም እንደገና እንዲባረኩ አዘዙ። ይህ ትእዛዝ በእስክንድርያ በኩል የመጣው ሁሉ ያልጸና ነው እንደማለት ነበር። የነገረ መለኮቱ ክርክር የሊቃውንት ነበረ፤ ይህ ግን በየአጥቢያው የሚገኘውን ገበሬ ሁሉ ነካ። አያቱን ያጠመቀው፣ አባቱን በተክሊል ያጋባው ካህን ካህን አልነበረም ተብሏልና።

በጣና ደሴቶችና በአካባቢው ካደሩት ተቃዋሚዎች መካከል እናታችን ወለተ ጴጥሮስ (1592-1642) በጉልህ ትታወሳለች። የንጉሡን የጦር አዛዥ ባሏን ትታ መንኩሳ፣ በዙሪያዋ ወንዶችንም ሴቶችንም ሰብስባ፣ በገዛ እጇ ቁርባን ማቀበል የማትችል ሴት ሆና ሳለ ቁርባኑ ከማን እጅ መቀበል እንዳለበት ለብዙዎች ወስናለች። ገድሏ የተጻፈው ካረፈች በኋላ 30 ዓመት ቆይቶ በ1672 ነው። ሱስንዮስ በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ካወጁ በኋላ ልጃቸው አፄ ፋሲለደስ ከእስክንድርያ ጋር የነበረውን ግንኙነት አደሱ።

ከጎንደር ዘመን አንሥቶ ሥራው በሁለት ሰዎች መካከል እንደተከፈለ በግልጽ ይታያል። ግብፃዊው አቡን ካህናትን ይክናል፣ ታቦት ይባርካል፣ ንጉሥ ይቀባል። የአገሩን ቋንቋና ወግ የሚያውቀው የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ደግሞ መነኮሳቱንና የገዳማቱን አስተዳደር ይይዛል። በቅባትና በተዋሕዶ ስም በተደረገው ረጅም የሃይማኖት ክርክር ውስጥም የተሰለፉት የኤዎስጣቴዎስና የተክለ ሃይማኖት ቤቶች ነበሩ። ጳጳስ ማምጣት ብዙ ወርቅና ረጅም ድርድር የሚጠይቅ ስለነበር ያመጣው መስፍን በሌሎቹ ላይ ብልጫ ያገኝ ነበር። ለአብነት ደጃዝማች ውቤ በ1841 አቡነ ሰላማን አስመጡ። በሰሜን ያሠሯት ደረስጌ ማርያም ለራሳቸው ንግሥ የታሰበች ነበረች ይባላል። በ1855 በዚያችው ቤተ ክርስቲያን፣ በእነዚያው አቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው አፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ግን ድል ያደረጓቸው ካሣ ኃይሉ ናቸው። ጳጳሱም በኋላ ከንጉሡ ጋር ተጣልተው በመቅደላ እስር ላይ ሳሉ በ1867 አረፉ።

አፄ ዮሐንስ በ1881 አራት ጳጳሳትን በአንድ ጊዜ ማስመጣታቸው ችግሩን አቃለለው እንጂ አልፈታውም። አቡነ ማቴዎስ በ1926 ካረፉ በኋላ በተደረገው ድርድር በ1929 አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ካይሮ ላይ ጵጵስና ተቀበሉ። እነዚህ አባቶች ዲያቆንና ቄስ የመሾም ሥልጣን ቢኖራቸውም ጳጳስ መሾም ግን አልተፈቀደላቸውም። ከአራቱ መካከል አቡነ ጴጥሮስና አቡነ ሚካኤል በ1936 በፋሺስት ኢጣሊያ እጅ ተገድለዋል። በግንቦት 1937 ደግሞ በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ዲያቆናት በጅምላ ተረሸኑ። የኢጣሊያ ባለሥልጣናት በቴሌግራም ያመኑት ቁጥር በመቶዎች የሚቆጠር ሲሆን፣ በኋላ የተደረገው ጥናት ግን የተገደሉትን ከ1,400 እስከ 2,000 ያደርሳቸዋል።

ከነጻነት በኋላ ድርድሩ ቀጥሎ በ1948 ስምምነት ተደረሰ። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ አቡነ ባስልዮስ ተብለው በ1951 ጳጳሳትን መሾም የሚችሉ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ። ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. ደግሞ ካይሮ ላይ በፓትርያርክ ቄርሎስ 6ኛ እጅ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ተብለው ተሾሙ። የኢትዮጵያ ፓትርያርክ እስከ ዛሬ ሊቀ ጳጳስ ዘአክሱም ወእጨጌ ዘመንበረ ተክለ ሃይማኖት እየተባሉ መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያው ስም ከፍሬምናጦስ የወረደው የጵጵስና መስመር ነው፤ ሁለተኛው የገዳሙ ነው። በኤርትራም ቤተ ክርስቲያኗ ራሷን ስትችል በ1998 የመጀመሪያው ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ፊልጶስ የደብረ ቢዘን መነኩሴ ነበሩ።

ማን ይሹማል የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላም አልፎ አልፎ መነሣቱ አልቀረም። በአገር ውስጥና በሰሜን አሜሪካ በነበሩት ሁለት ሲኖዶሶች መካከል የነበረው የ27 ዓመታት ልዩነት በ2010 ዓ.ም. በዕርቅ ሲያበቃ በሁለቱም ወገን የተሾሙት አባቶች በአንድ ሲኖዶስ ተጠቃለዋል። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን መሾማቸው ብርቱ ውዝግብ አስነሥቶ፣ ነገሩ በየካቲት ወር በስምምነት ተቋጭቷል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ሲኖዶሱ 9 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሟል።

ገዳማቱ በበኩላቸው በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስታቸውን ካጡ ወዲህ ኑሯቸው ከብዷል። በአንድነት ገዳማት የጳኩሚስ ሥርዓት አሁንም ይሠራል፤ ማዕዱና ሥራው የጋራ ነው። በቁሪት ገዳማት ደግሞ እያንዳንዱ መነኩሴ ለራሱ ያድራል። አዲስ የገባው ረድእ ውኃ እየቀዳ፣ እንጨት እየለቀመ፣ አረጋውያንን እያገለገለ ዓመታት ያሳልፋል። ከዚያ ቅናቱን፣ ቆቡን ይቀበላል። ከቆብ ወንድሞቹ መካከል ቅስና የሚቀበሉት ጥቂቶቹ ናቸው። ለኤጲስ ቆጶስነት የሚታጨው ደግሞ ከእነዚሁ ቆሞሳት መካከል ነው።